ለምናባዊ ዴስክቶፕ የትኛው የዊንዶውስ እትም? ጥያቄዬና የመጡልኝ 22 ምላሾች

የመነሻው ጽሑፍ

ጥያቄዬ አንድ መስመር ነው፤ ዳራው ግን ይረዝማል። የምሠራበት መሥሪያ ቤት 180 ሠራተኞች አሉት። ያረጁትን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ መተካቱ ቀርቶ ሁሉም ሰው ወደ ምናባዊ ዴስክቶፕ እንዲዛወር፣ ማለትም የእያንዳንዱ ሰው ዊንዶውስ በሰርቨር ውስጥ እየሠራ በኔትወርክ እንዲከፈት ተወሰነ። እያንዳንዳቸው 512 ጊጋባይት ሚሞሪ የያዙ ሦስት ሰርቨሮች ተገዝተው ቦታቸውን ይዘዋል። ለአንድ ተጠቃሚ 4 ጊጋባይት ብመድብ 720 ጊጋባይት ይበቃኛል፤ አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ እንኳ የቀሩት ሁለቱ ሸክሙን ይችሉታል። በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው ስክሪን፣ ኪቦርድና ቲን ክላይንት የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው። የቀረው በምናባዊ ማሽኖቹ ላይ የሚጫነውን የስርዓተ ክወና እትም መምረጥ ሲሆን፣ እርሱ በእኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ዝንባሌዬን አልደበቅሁም። ልቤ ያረፈው ኤልቲኤስሲ በሚባለው፣ ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ እንዲቆይ በተዘጋጀው የኢንተርፕራይዝ እትም ላይ ነበር። የመተግበሪያ መደብር የለበትም፤ ጨዋታና ማስታወቂያ የለበትም፤ በየዓመቱ መልኩን የሚቀይር ትልቅ ዝማኔ አይመጣበትም። የጸጥታ ጥገናውን ብቻ እየተቀበለ ይኖራል። አንድ እናት ምስል (ሌሎቹ ማሽኖች የሚቀዱበትን ዝግጁ ቅጂ) በጥንቃቄ አዘጋጅቼ 180 ጊዜ ካባዛሁት በኋላ ለዓመታት እንቅልፌን እተኛለሁ ብዬ ነበር። ስለ ፈቃድ ያሰፈርሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ከድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ጋር የመጣው፣ ፕሮ የሚባለው የዊንዶውስ እትም ፈቃድ ወደ ሰርቨሩ እንደሚዛወር አቅራቢያችን አረጋግጦልናል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ እንደምታስወቅሰኝ አላወቅሁም።

ምላሾቹ ተከማችተው ለሚቀጥለው አንባቢ አድካሚ ስለሆኑ በራሴ አነጋገር በተራ አስቀምጣቸዋለሁ። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1

ሰላምታ አስቀድሞ የመጣ ጨዋ ሰው ነው፤ በ«እርስዎ» እያነጋገረኝ ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ ደገፈ። የ2019ኙን ኤልቲኤስሲ በ60 ምናባዊ ማሽኖች ላይ ጭኖ ዓመታት እንዳሳለፈ፣ ከወርሃዊው ጥገና በቀር እጁን አስገብቶበት እንደማያውቅ ተረከ። ድጋፉ እስከ ጃንዋሪ 9 ቀን 2029 ስለሚዘልቅም ሌላ እትም የሚፈልግበት ምክንያት አልታየውም። ይህን ሳነብ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ምላሽ 2

አንዲት ጥያቄ ብቻ፦ ሠራተኞቹ ደብዳቤና ሠንጠረዥ የሚሠሩበት ሶፍትዌር የትኛው ነው? ሰላምታም፣ ማብራሪያም የለም።

ምላሽ 3

እኔ መልስ ሳልሰጥ አንዲት ባለሙያ ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ አስረዳችኝ። በደንበኝነት ክፍያ የሚገኙት የማይክሮሶፍት 365 መተግበሪያዎች በኤልቲኤስሲ ላይ ድጋፍ የላቸውም። ይጫናሉ፤ ይከፈታሉ፤ ለወራትም ያለ ችግር ሊሠሩ ይችላሉ። አንድ ቀን ሲበላሹና እርዳታ ሲጠየቅ ግን መጀመሪያ ከእትሙ ውጡ የሚል መልስ እንደሚመጣ አስጠነቀቀች። ከእትሙ ጋር አብሮ የሚሄደው አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀመጠው ኦፊስ ኤልቲኤስሲ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን የስርዓተ ክወና እትም ያዘጋጀው ሥራቸው ለማይለወጥ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ የሕክምና ማሽን ለሚቆጣጠር ኮምፒውተር፣ ለገንዘብ መክፈያ ማሽንና ለፋብሪካ መቆጣጠሪያ እንጂ ደብዳቤ ሲጽፍ ለሚውል ሠራተኛ እንዳልሆነም አከለች። የእኛ መሥሪያ ቤት ኢሜይሉም ሰነዱም በ365 ላይ ነው። ይህን ለመጻፍ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ ተለወጠ። እስከዚህ ድረስ «እርስዎ» ስባል የቆየሁት ሰው ድንገት «አንተ» ሆንሁ። መላሹ ሦስቱንም የቀደሙ ምላሾች በአንድ መስመር አልፏቸው የፈቃዷን ዓረፍተ ነገር ያዘ። ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ፈቃድ ከዚያው ኮምፒውተር ጋር ኖሮ ከዚያው ጋር እንደሚሞት፣ ወደ ሰርቨር የሚዛወርበት መንገድ እንደሌለ፣ ይህን ሳያውቅ 180 ማሽን የሚያቅድ ሰው ስለ እትም መጠየቅ እንደማይገባው ጻፈ። የአቅራቢያችንን ቃል የሚመለከተው አገላለጹ እዚህ የሚደገም አይደለም።

ተናደድሁ። ቁጣዬ ሲበርድ ግን መዝገብ ቤት ወርጄ የግዢ ሰነዶቹን አወጣሁ። ሁሉም በኮምፒውተሮቹ ጎን ላይ የተለጠፉ የአምራች ፈቃዶች ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ሰውየው አነጋገሩ ባያምርም ትክክል ነበር፤ ይህንኑም በዚያው ጻፍሁለት።

ምላሽ 5

ምላሽ 3ን የጻፈችው ባለሙያ ተመልሳ የፈቃዱን ነገር ሰው በሚገባው ቋንቋ ዘረዘረችው፤ ከምላሾቹ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብሁት ይህን ነው። የምናባዊ ዴስክቶፕ ፈቃድ ለምናባዊ ማሽኑ የሚገዛ አይደለም፤ ማሽኑን ለሚጠቀመው ሰው ወይም ማሽኑ ለሚከፈትበት መሣሪያ ነው። ተጠቃሚው የሚከፍተው ሕጋዊ የፕሮ ፈቃድ ካለው ኮምፒውተር ከሆነ፣ በዚያ ላይ የተጨመረ የኢንተርፕራይዝ ደንበኝነት ወይም ሶፍትዌር አሹራንስ የሚባለው ውል መብቱን ይሰጠዋል። ከቲን ክላይንት ከሆነ ግን ሣጥኑ በራሱ የዊንዶውስ ፈቃድ ስለሌለው የማሻሻያ ፈቃድ የሚያርፍበት መሠረት የለም። ቪዲኤ የሚባለው የምናባዊ ዴስክቶፕ መዳረሻ ፈቃድ የተፈጠረው ለዚህ ክፍተት ነው፤ በመሣሪያ ወይም በተጠቃሚ ይገዛል። ሠራተኞች በፈረቃ አንድ ሣጥን የሚጋሩ ከሆነ በመሣሪያ፣ አንድ ሰው ከብዙ ቦታ የሚገባ ከሆነ በተጠቃሚ መግዛት እንደሚያዋጣ መከረችኝ። ሆም ስለሚባለው እትም የጠየቀ ባይኖርም በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጨዋታው አስወጣችው፤ ዶሜይን በሚባለው የመሥሪያ ቤት ማሽኖች የጋራ አስተዳደር ውስጥ አይገባም፣ የርቀት ዴስክቶፕ ግንኙነትም አይቀበልም።

በዚህ ስሌት ኢንተርፕራይዝ የሚጭነው ሰው የሚከፍለው ለቅንጦት አይደለም። የመጠቀም መብቱ የሚመጣው ከእርሱ ጋር ስለሆነ ፕሮን በሰርቨር ላይ አድርጎ ገንዘብ ማዳን የሚባለው ሐሳብ ከሥሩ ይፈርሳል።

ምላሽ 6

አንድ ሌላ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን እንዳስፈለገ አልገባውም። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የርቀት ዴስክቶፕ አገልግሎትን ጭኖ 30 ወይም 40 ሰው በአንድ ማሽን ላይ ማስተናገድ ሲቻል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስርዓተ ክወና ማስነሳት ሚሞሪ ማባከን ነው ባይ ነው። ለሙከራም ያለ ፈቃድ 120 ቀን እንደሚሠራ በደስታ ጠቆመ።

ምላሽ 7

የ120 ቀኗ ነገር የሌላ ሰው ቁስል ነካች። በእርሱ መሥሪያ ቤት ለሙከራ የተተከለው ሰርቨር ቀስ በቀስ የእውነተኛ ሥራ ሰርቨር ሆነ፤ ፈቃዱን እገዛለሁ ያለው ሠራተኛም ሥራ ለቀቀ። 121ኛው ቀን የዋለው ደመወዝ በሚዘጋጅበት ጠዋት ነበር። ከአስተዳዳሪው በቀር ማንም መግባት አልቻለም፤ አስተዳዳሪው ደግሞ ወደ ሰርቨሩ ክፍል የሚወስደውን ኮሪደር በሰው ተሞልቶ አገኘው። ከዚያ ወዲህ የሙከራ ሰርቨር ሲተክል የማብቂያ ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፎ ሰርቨሩ ላይ ይለጥፋል። ለምላሽ 6 ጸሐፊም ሁለት ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አስታወሰው፤ የሰርቨሩ የተጠቃሚ ፈቃድ አንድ፣ የርቀት ዴስክቶፑ ደግሞ ሌላ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ሰርቨር ላይ መሆናቸውን ሲያውቁ አንጫንም እንደሚሉ፣ የአንዱ ተጠቃሚ ስህተትም የ40ውን ሥራ እንደሚያቆም አክሎበታል።

ምላሽ 8

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የዊንዶውስ ኢንተርፕራይዝ መልቲ ሴሽን እትም ለምን ማንም እንዳላነሣ የጠየቀ ሰው መጣ። ሐሳቡ ያማልላል፤ የሰርቨርን ቁጠባ ከዊንዶውስ 11 መልክ ጋር የሚያጣምር ነው።

ምላሽ 9

እኚህ ሰው ከ20 ዓመት በላይ በሙያው መቆየታቸውን በትሕትና ስለነገሩን ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ። ለምላሽ 8 የሰጡት መልስ ይህ ነው፦ መልቲ ሴሽን የሚፈቀደው በማይክሮሶፍት ደመና፣ በአዙር ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ላይ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ አዙር ሎካል በሚባለው መድረክ ላይ ብቻ ነው። በራሳችን ሦስት ሰርቨሮች ላይ ምናባዊ ማሽን በሚያስነሡት ሶፍትዌሮች፣ በሃይፐር-ቪም ሆነ በቪኤምዌር፣ ብንጭነው ሕጋዊ አይሆንም። ደግሞም እትሙ ራሱን ለፕሮግራሞች የሚያስተዋውቀው እንደ ሰርቨር ስለሆነ በምላሽ 7 የተነገረው አንጫንም ባይነት እዚያም ይገጥማል።

ከዚያ ወደ ትዝታ ገቡ። ማይክሮሶፍት በአገልግሎት ሰጪዎች ቤት ተራውን ዊንዶውስ ማከራየትን በማይፈቅድበት ጊዜ፣ አማዞን ወርክስፔስስ የሚባለው የኪራይ ዴስክቶፕ አገልግሎት ለደንበኞቹ ያቀርብ የነበረው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 7 ይመስል ነበር፤ ከሥሩ ግን ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ነበር። አማዞንን የሚያህል ድርጅት በፈቃድ ምክንያት ሰርቨርን የዴስክቶፕ ልብስ ካለበሰ፣ እኛ እትምን ከፈቃድ ነጥለን ለመምረጥ መሞከራችን የዋህነት መሆኑን በጨዋ አነጋገር ነገሩን። ምላሽ 4 በጡጫ የተናገረውን እርሳቸው በሻይ ስኒ አቀረቡት።

ምላሽ 10

የእርማት ምላሽ ነው። ጸሐፊው የምላሽ 1ን ቀን ትክክል ነው ካለ በኋላ፣ ሌሎች በዚያ እንዳይሳሳቱ አሳሰበ። የ2019ኙ ኤልቲኤስሲ የ10 ዓመት ድጋፍ አለው፤ የ2021ዱ ግን 5 ዓመት ብቻ ስለተሰጠው ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ያበቃል። አዲሱ እትም ከአሮጌው ቀድሞ ይሞታል ማለት ነው። በዊንዶውስ 11 ላይ የተመሠረተው የ2024ቱ ደግሞ ኦክቶበር 9 ቀን 2029 ላይ ያከትማል። ረጅም ዕድሜ ፍለጋ ወደ ኤልቲኤስሲ የሚሄድ ሰው የትኛውን እንደሚይዝ ይወቅ አለ።

ምላሽ 11 እና 12

የምላሽ 1 ባለቤት አመስግኖ፣ የ2021ዱ የአይኦቲ ኢንተርፕራይዝ እትም እስከ ጃንዋሪ 13 ቀን 2032 ስለሚዘልቅ ያንን መጠቀም እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ምላሽ 4ን የጻፈው ሰው ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። አይኦቲው ከአምራች ጋር ለአንድ ተግባር ለተሠራ መሣሪያ የሚሸጥ እንጂ ለቢሮ ሠራተኛ ዴስክቶፕ እንዳልሆነ፣ የፕሮግራሙ ይዘት አንድ መሆኑ ፈቃዱን አንድ እንደማያደርገው በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ዘጋው። በአራተኛው ላይ ስድብ ቢጤ ነበረችበት፤ በኋላ ራሱ አጠፋት።

ምላሽ 13

ከፈቃድ ወጥተን ወደ ማሽኑ የገባነው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ ምርጫው ወደ ዊንዶውስ 11 ያጋደለ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በምናባዊ ማሽን ላይም ቢሆን ዩኢኤፍአይ የሚባለውን የማሽን ማስነሻ ፕሮግራም፣ አስተማማኝ ማስነሻና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የጸጥታ ቺፕ ይጠይቃል። መላሽዋ የምትሠራበት ቦታ በቪኤምዌር ላይ ምናባዊ ቲፒኤም ለመጨመር የማመስጠሪያ ቁልፍ የሚሰጥ የቁልፍ አቅራቢ አቋቋሙ፤ ሥራው ሁሉ ተሳካ። ያልታሰበው የቁልፉ መጠባበቂያ ቅጂ ነበር። የአስተዳደር ሰርቨሩ ሲበላሽና እንደገና ሲተከል፣ ምናባዊ ማሽኖቹ ዲስካቸው ሳይነካ ተኝተው እያሉ የሚያስነሣቸው ቁልፍ ጠፋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ የመጠባበቂያው መመሪያ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ሙከራ ከመጀመሬ በፊት ቁልፉን ቀድቼ ከሰርቨሮቹ ውጭ እንዳስቀምጥ አጥብቃ መከረችኝ። በዚያው ቀን አደረግሁት።

ምላሽ 14

አጭር ጭማሪ ለምላሽ 13፦ 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት ፖፕካውንትና ኤስኤስኢ 4.2 የሚባሉ የፕሮሰሰር ትዕዛዞችን ይፈልጋል። ሰርቨሩ አዲስ ቢሆንም ምናባዊ ማሽኑ እንደ ጥንታዊ ፕሮሰሰር እንዲታይ በተኳኋኝነት ቅንብር ከተሸፈነ አይነሣም። ይህ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ የመጫኛውን ፋይል ሲጠረጥር ከርሞ ጥፋቱን ያገኘው በዚህች አንዲት ምርጫ ላይ ነው።

ምላሽ 15

ከሁሉም ያሳቀኝ ይህ ነው። አንድ ሰው የመጫኛ ፋይሉን ሲያወርድ በእትሙ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን ኤን የምትባል አንዲት ፊደል እንደ ጌጥ ቆጥሮ አለፋት። ምስሉን አዘጋጅቶ ለ40 ሰው አከፋፈለ። የመጀመሪያው የቪዲዮ ስብሰባ ሲደርስ ምስል የሚያየው አልተገኘም። ካሜራውን ቀየሩ፤ ኔትወርኩን መረመሩ፤ ፋየርዎሉን የሚያስተዳድረውን ባልደረባ ሁለት ሳምንት አስጨነቁት። ነገሩ ሌላ ነው፦ የኤን እትሞች የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 በማይክሮሶፍት ላይ ካሳለፈው ውሳኔ የተነሣ የሚዲያ ማጫወቻውና የሚዲያ ቴክኖሎጂዎቹ የተቀነሱባቸው ናቸው። መድኃኒቱ ሚዲያ ፊቸር ፓክ የሚባለውን ጥቅል መጨመር ነው፤ እርሱ ግን ተናዶ ምስሉን ከባዶ ሠራው። ፋየርዎል ያስተዳድር የነበረው ባልደረባ እስካሁን ሰላምታው ቀዝቃዛ እንደሆነ ጽፏል።

ምላሽ 16

ወደ መነሻዬ፣ ወደ ቅለቱ ጉዳይ የመለሰን ሰው ነው። ኤልቲኤስሲንና ተራውን ኢንተርፕራይዝ በተመሳሳይ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ጭኖ ለክቷቸዋል። ከተራው ላይ አላስፈላጊ መተግበሪያዎች ከተነሡና ከበስተኋላ የሚሠሩ የታቀዱ ሥራዎች ከቆሙ በኋላ የቀረው ልዩነት አንድ ተጠቃሚ በአሳሹ ላይ ከሚከፍታቸው ገጾች ያነሰ ሆኖ አገኘው። ሚሞሪውን የሚበላው አሳሹና የስብሰባ መተግበሪያው ነው፤ እነርሱ ደግሞ በየትኛውም እትም ላይ ያው ናቸው። ለአንድ ሰው 4 ጊጋባይት የሚለው ስሌቴም ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው መስፈርት እንጂ ምቹ መጠን እንዳልሆነ፣ በ8 ጊጋባይት እንደገና እንድሠራው ነገረኝ። ሠራሁት፦ 1,440 ጊጋባይት። ሦስቱም ሰርቨሮች ሲሠሩ ለጥቂት ይበቃል፤ አንዱ ሲወድቅ ግን ከ180ው ሦስተኛው ያህል ሰው ያለ ማሽን ይቀራል። የኔ ትልቁ ስህተት ይህ ይሁን ፈቃዱ፣ እስካሁን አልለየሁም።

ምላሽ 17

መተግበሪያዎችን ማንሣት የሚለው ቃል ሌላ ሰው አስደነገጠ። በኢንተርኔት ያገኘውን ሁሉን ጠራጊ ስክሪፕት አስኪዶ መደብሩን ራሱን ነቅሎ ጣለ። በኋላ ከመደብሩ የሚመጣ አንድ አስፈላጊ መተግበሪያ ሲጠየቅ የሚመልስበት መንገድ ጠፋው። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የባሰው ደግሞ ማሽኑን ለማባዛት የሚያዘጋጀው ሲስፕሬፕ እምቢ ማለቱ ነው፤ አንድ መተግበሪያ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ተጭኖ ለሁሉም ሳይዘጋጅ ሲቀር ሲስፕሬፕ ሥራውን ያቆማል። የትኛው መተግበሪያ እንደሆነ ፓንተር በሚባለው ማህደር ውስጥ በሚጻፈው መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ግን ያንን ሳያይ ምስሉን ደጋግሞ ይሠራል። ምስሉ እስኪያልቅ ማሽኑን ከኢንተርኔት ለይቶ ማቆየት ግማሹን ችግር እንደሚያስቀር መከረ፤ መደብሩ በጀርባ እየዘመነ ነገሩን የሚያበላሸው በዚያ ሰዓት ነውና። መደብሩን ከተጠቃሚ ዓይን መሰወር ለሚፈልግ በመመሪያ መዝጋት ይበቃል፤ መመሪያው ግን የሚሠራው በኢንተርፕራይዝና በኤጁኬሽን እትሞች ላይ ሲሆን ፕሮ ላይ ቢጻፍም አይሰማም።

ምላሽ 18

ከርዕስ የወጣ። ለምን ኮምፒውተር ብቻ ገዝታችሁ አትገላገሉም የሚል ነው። ሰርቨሮቹ ተገዝተዋል ብዬ መለስሁለት። ተገዝተው ከሆነ ጥያቄው ዘግይቷል ብሎ መለሰልኝ፤ በዚህ አልተከራከርሁትም።

ምላሽ 19

ሊኑክስ የሚባለው ስም እስከዚህ ሳይነሣ መቆየቱ ራሱ ያስገርማል። መላሹ ከ180ው ሰው ስንቱ ከአሳሽ ሌላ የሚነካው ነገር እንዳለ ጠየቀ፤ ለቀሩት የ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍ ያለው የኡቡንቱ እትም በቂ ነው፤ የቪዲኤ ፈቃድም አያስፈልገውም። ሦስት ሰዎች ወዲያው ተነሡበት፤ አንዱ ስለ ሕትመት፣ አንዱ ስለ ስብሰባ መተግበሪያ፣ አንዱ ደግሞ ስለ ምንም። ውይይቱ ወደ ሃይማኖት ክርክር ሲሄድ አስተናባሪው ሦስቱን ስላነሣቸው ቁጥር የላቸውም። እኔ ግን ቆጠርሁ። ከአሳሽ ሌላ የማይነኩ 40 ሰዎች አሉን። ሐሳቡን አልጣልሁትም፤ ለአሁኑ አሳድሬዋለሁ።

ምላሽ 20

ምላሽ 9ን የጻፉት አንጋፋ ተመልሰው ስለ ማግበር (ዊንዶውስ ፈቃዱን ስለሚያረጋግጥበት ሂደት) አንድ ነገር አነሡ፤ ይህችን ባያነሡልኝ የሙከራው ሳምንት ከንቱ ይቀር ነበር። ኬኤምኤስ የሚባለው የውስጥ ማግበሪያ ሰርቨር ለዴስክቶፕ እትሞች ሥራ የሚጀምረው 25 የተለያዩ ማሽኖች ሲጠይቁት ነው። የእኔ ሙከራ 20 ማሽን ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ምስሉ በሲስፕሬፕ ሳይጠረግ ከተባዛ ሁሉም ቅጂዎች አንድ መለያ ይዘው ስለሚወጡ 180ው ሁሉ ቢጠይቁም ቆጣሪው አንድ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ያገበረው ማሽን እንኳ 180 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ በየ7 ቀኑ ለማደስ ይሞክራል። በየምሽቱ ተጠርጎ በየጠዋቱ አዲስ ሆኖ የሚነሣ ማሽን ደግሞ ይህን ጥያቄ ከዜሮ ይጀምራል። አማራጩ የዶሜይኑን ተጠቃሚዎችና ማሽኖች በሚመዘግበው በአክቲቭ ዳይሬክተሪ በኩል ማግበር ነው፤ እርሱ ዝቅተኛ ቁጥር አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል አሉና ተሰናበቱ።

ምላሽ 21

ተሳዳቢው የምላሽ 4 ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን «እርስዎ» ብሎኛል። የግዢ ሰነዱን አውጥቼ ስህተቴን በይፋ መጻፌን እንዳስተዋለ ገለጸ፤ ከዚያ ሌላ ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ምክሩ እነሆ፦ ተራው ዊንዶውስ 11 ኢንተርፕራይዝ። ለእያንዳንዱ ዓመታዊ ስሪት ፕሮ የሚሰጠው የ24 ወር ድጋፍ ሲሆን ኢንተርፕራይዝ 36 ወር ይሰጣል። ለምሳሌ 24ኤች2 በፕሮ ላይ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ በኢንተርፕራይዝ ላይ ኦክቶበር 12 ቀን 2027 ያበቃል። አንድ ስሪት ዘሎ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እናት ምስሉን ማደስ የሚፈልግ ሰው ያንን ትርፍ ዓመት ያስፈልገዋል። ከኤልቲኤስሲ የፈለግሁት መረጋጋት ከሆነ ግማሹን በዚህ አገኘዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ዝማኔውን ከእናት ምስሉ በቀር የትም እንዳይገባ በመዝጋት። ኤልቲኤስሲን ሙሉ በሙሉ አልነቀፈውም፤ አንድ ፕሮግራም ብቻ ለሚከፍቱ የመቀበያ ክፍል ማሽኖች ይሁን አለ።

ምላሽ 22

የመጨረሻው ጠያቂ ሌላ በር ከፈተ። ሰነድ የሚቃኙ ሠራተኞች ካሉ፣ ስካነሩ የሚሰካው ቲን ክላይንቱ ላይ ነው፤ ድራይቨሩ ግን ምናባዊ ማሽኑ ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው ምስሉ በኔትወርክ ሲመላለስ አንድ ገጽ እስከ ምን ያህል ይዘገያል? ይህ የእትም ጥያቄ አይደለም፤ ሆኖም ሰነድ የሚቃኙ 12 ሠራተኞች ስላሉን ሊሸሽ አይቻልም።

ከእኔ

የደረስሁበትን ልጻፍ። የቪዲኤ ፈቃድ በተጠቃሚ እንዲገዛ ጥያቄ አቅርቤያለሁ። ለአራተኛ ሰርቨር የጻፍሁት ደብዳቤ ለምን አስቀድሞ አልታሰበም የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተመልሷል፤ እንደገና ልኬዋለሁ። እናት ምስሉ 24ኤች2 ኢንተርፕራይዝ ነው፤ የተሠራው ከኢንተርኔት ተለይቶ ነው፤ ኤን አለመሆኑንም ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ሲስፕሬፕ በሁለተኛው ሙከራ አለፈ፤ በመጀመሪያው ያቆመው አንድ የቋንቋ ጥቅል ነበር፤ ስሙን ያገኘሁትም በምላሽ 17 በተጠቀሰው መዝገብ ላይ ነው። ሙከራውን ከ20 ወደ 30 ማሽን አሳድጌ ማግበሩን በአክቲቭ ዳይሬክተሪ በኩል አድርጌዋለሁ።

ለምላሽ 22 የምመልሰው የለኝም። ሐሙስ ሁለት ስካነር ወስጄ በሁለት ዓይነት ሣጥን ላይ እሰካቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ይህን ሞክሮ ያየ ሰው ካለ የድራይቨሩን ዓይነትና የገጹን መጠን ጨምሮ ቢጽፍልኝ።